የድንበር ተሻጋሪ ኃይል ፕሮግራምና ቆጣሪ አልገጥም ሲሉ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህን የምጽፈው ለጀማሪ አይደለም። ሜጋ ዋትን ከሜጋ ዋት ሰዓት የሚለይ፣ የቆጣሪ ንባብ ማውረድ የሚችል፣ የያዘው ፕሮግራም የመጨረሻው እርማት መሆኑን ያረጋገጠ ሰው ያንብበው። ከጎረቤት አገር ኃይል ሲገዛ ወይም ለጎረቤት ሲሸጥ በየሰዓቱ ስንት ሜጋ ዋት እንደሚሄድ የሚናገር የ24 ሰዓት ፕሮግራም በዋዜማው ይላካል፣ በማግስቱ ቆጣሪው ይነበባል፣ ወሩ ሲያልቅ ሁለቱ ይታረቃሉ። እንጀራዬ ይህ ማስታረቅ ነው። ቢሮዬ ሱሉልታ ዳር ነው፤ በመስኮቱ ከደብረ ማርቆስ የሚመጣው የ400 ኪሎ ቮልት መስመር ይታያል፣ ጭጋግ በጣለ ጠዋት የሽቦው እዝዝታ ግቢው ድረስ ይሰማል። መብራት በጠፋ ቁጥር ጎረቤቶቼ "ለኬንያ ሸጣችሁት አይደል?" እያሉ ይመጡብኛል። የሰፈራችን መብራት የሚጠፋው የ15 ኪሎ ቮልቱን መስመር ባሕር ዛፍ ሲነካው ነው እያልኩ ማስረዳቱን ከተውኩት ቆይቻለሁ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙትን ቶሎ ልጨርስ።

ንባቡ ከፕሮግራሙ ሁልጊዜ በጥቂት መቶኛ የሚያንስ ከሆነና ጫናው ሲጨምር ልዩነቱም ከፍ የሚል ከሆነ፣ ሁለቱ ወገኖች የሚለኩት የተለያየ ቦታ ላይ ነው። ወደ ኬንያ የሚሄደው መስመር ከወላይታ ሶዶ ሱስዋ ድረስ 1,045 ኪሎ ሜትር ነው፤ 433ቱ በእኛ ምድር፣ 612ቱ በኬንያ። ሶዶ ላይ የተለካ ኃይል ሱስዋ ላይ ያው አይሆንም። ውሉ የትኛውን ነጥብ እንደሚል ያንብቡና በዚያው ይስሩ።

ንባቡ ወደ ሁለት ሦስተኛ ከወረደ የአንዱ ፌዝ የቮልቴጅ ትራንስፎርመር ፊውዝ ተቃጥሏል። ልክ እጥፍ ወይም ልክ ግማሽ ከሆነ የከረንት ትራንስፎርመሩ ማባዣ ቁጥር በስህተት ገብቷል። የመቀነስ ምልክት ይዞ ከመጣ ገቢውና ወጪው ተገልብጧል።

ያለ ሥርዓት ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ የሚል ከሆነ በመጀመሪያ መስመሩ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። ወደ ጅቡቲና ወደ ሱዳን የሚሄዱት የ230 ኪሎ ቮልት መስመሮች ተለዋዋጭ ከረንት ናቸው፤ እነሱ ላይ ኃይሉ በሁለቱ አገሮች ሚዛን መጠን ስለሚወዛወዝ ትንሽ መንሸራተት ብልሽት አይደለም። የሶዶ–ሱስዋው ግን ቀጥተኛ ከረንት ነው። ከረንቱን የሚለውጠው መሣሪያ፣ ኮንቨርተሩ፣ የታዘዘውን ያህል ያሳልፋል እንጂ እንደ ወንዝ በመሰለው አይፈስም። በዚያ መስመር ላይ ልዩነት አይቶ "ፍሪኩዌንሲው ነው" የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሰውየው ሥራውን መሸሹ ነው።

ኃይሉ በሦስተኛ አገር የኃይል መስመሮች መረብ አልፎ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ አንድ ሳይሆን ሦስት ፕሮግራም መግጠም አለበት፦ የሻጩ፣ የአሳላፊውና የገዥው። ታንዛኒያ ለሰሜናዊ ክፍሏ ከኢትዮጵያ በኬንያ በኩል ኃይል የመግዛት ሐሳቧን በ2025 እ.ኤ.አ. ይፋ ካደረገች ወዲህ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። ሶዶ ላይ 100 የተባለው በኬንያና በታንዛኒያ ድንበር ባለችው ናማንጋ ላይም 100 ተብሎ ከተጻፈ የመንገዱን ብክነት ማን እንደሚሸከም ማንም አልወሰነም ማለት ነው። ይህን ከፊርማ በፊት ይጨርሱ፤ ከፊርማ በኋላ የጠበቆች ጉዳይ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው።

ምልክቱ እንዲህ ነው። የፕሮግራሙንና የቆጣሪውን መስመር በአንድ ግራፍ ላይ ስትስሏቸው ቅርጻቸው አንድ ነው። ጉብታው ያው ጉብታ፣ ጉድጓዱ ያው ጉድጓድ፤ ግን አንዱ ከሌላው ወደ ጎን ሸሽቷል። መሣሪያ አልተበላሸም፣ ኃይል አልተሰረቀም። ሁለት ሰዎች "ሰዓት" የሚለውን ቃል በሁለት መንገድ ተረድተውታል። ከሚመጡልኝ ክርክሮች ብዙዎቹ ይኸው ናቸው፤ በየጊዜው አዲስ ልብስ ለብሰው ይመጣሉ።

መመርመሪያው ቀላል ነው። በወሩ ውስጥ ከፍታና ዝቅታ የበዛበትን ቀን ይምረጡ። ፕሮግራሙን በአንድ ዓምድ፣ ንባቡን በጎኑ ያስቀምጡ፣ ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ረድፍ፤ በየረድፉ ያለውን ልዩነት የመቀነስ ምልክቱን ጥለው ይደምሩ። ከዚያ ንባቡን አንድ ረድፍ ወደ ታች ገፍተው እንደገና ይደምሩ፣ አሁንም አንድ፣ አሁንም አንድ፤ ወደ ላይም እንዲሁ። በአንዱ ቦታ ላይ ድምሩ ድንገት ወደ ዜሮ ይጠጋል። የገፋችሁት የረድፍ ብዛት ጥፋተኛውን ይነግራችኋል።

አንድ ረድፍ ከሆነ ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ። የመጀመሪያው የረድፉ ስም ነው፤ አንዱ ወገን ሰዓቱን በሚጀምርበት፣ ሌላው በሚያልቅበት ይጠራዋል። ሁለተኛው ሱዳን ናት። ሱዳን እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ከእኛ ጋር በአንድ ሰዓት ትሄድ ነበር፤ በዚያ ዓመት ኖቬምበር 1 ቀን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰች። ደቡብ ሱዳንም በ2021 ተከተለች። ጅቡቲ፣ ኬንያና ታንዛኒያ ከእኛ እኩል ናቸው። የድሮ ሰንጠረዥ እየገለበጠ ቀኑን ብቻ የሚቀይር ሰው ይህን ለውጥ ሳያውቅ ዓመታት ሊኖር ይችላል። ሁለቱ ስህተቶች በአንድ ላይ ሲመጡ ወይ ሁለት ረድፍ ይሆናሉ፣ ወይ ተጣፍተው ምንም የሌለ ይመስላሉ። የኋለኛው የከፋ ነው፤ ከተጣፉት አንዱን ያስተካከለ ቅን ሰው ያላጠፋውን ጥፋት ይሸከማልና።

ስድስት ወይም ሰባት ረድፍ ከሆነ ጥፋተኞቹ እኛ ነን። ፕሮግራሙ ላይ ሰዓት 1 የሚባለው ከሌሊቱ 6 እስከ 7 ሰዓት ያለው ነው፤ እኛ ደግሞ አንድ ሰዓት ሲባል ፀሐይ ወጥታ እናያለን። አሥራ ሁለት ረድፍ ከሆነ አንድ ሰው ስድስት መደመር ሲገባው ቀንሷል። ሃያ አራት ከሆነ ስለ ቀኑ ስም ነው፤ እመለስበታለሁ።

ማስጠንቀቂያ። ጠፍጣፋ ፕሮግራም ይህን ጥፋት ይደብቃል። ቀን ከሌሊት 200 ሜጋ ዋት የሚላክ ከሆነ ስድስት ረድፍ ብትገፉት 200 በ200 ላይ ያርፋል፣ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ጥፋቱ የሚወጣው ፕሮግራሙ በተቀየረ በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ያ ቀን ደግሞ ብዙውን ጊዜ የጥገና ቀን ስለሆነ ሁሉም ሰው ሥራ ላይ ነው፣ ማንም ስልክ አያነሳም።

ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ፣ ከመጀመሪያው የሚብስ። የቀኑ ድምር መግጠሙን አይታችሁ አትፈርሙ። ድምሩ ይገጥማል! ኃይሉ ከአንድ ሰዓት ወደ ሌላ ሰዓት ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ከኬንያ ጋር በተፈረመው ውል ዋጋ፣ በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ስናሰላው፣ የ200 ሜጋ ዋት አንድ ሰዓት 13,000 ዶላር ነው። የቀን ድምር ብቻ የሚያይ የሒሳብ ሠራተኛ ይህን ያህል ገንዘብ ከሌሊት ወደ ቀን ሲሻገር እያየ አያየውም።

አንድ ሌሊት የሆነውን ልንገራችሁ። ገዥውንም ሻጩንም አልጠራም። 60 ሜጋ ዋት ሲሄድ ነበር፤ መስመሩ ላይ ጥገና ስለታሰበ ለአራት ሰዓት እንዲቋረጥ ተስማምተዋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬ ጮኸ፤ የፈረቃው ልጅ ነው።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ቀሰቀስኩዎት። ገዥዎቹ ለምን አቋረጣችሁ እያሉ ነው። እኛ ግን በማስታወቂያው መሠረት ነው ያቋረጥነው።"

"እስቲ አንብብልኝ።"

"ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይላል።"

"የቀን ነው የሌሊት?"

ዝም አለ። ቆይቶ "ጥገና በሌሊት እንደሚደረግ ሁሉም ሰው ያውቃል እኮ ጋሼ" አለኝ።

ሁሉም ሰው ማለት እኛ ነን። ደብዳቤውን ወደ ውጭ የላከው ጸሐፊ ቁጥሮቹን እንዳሉ ገልብጧቸው 08:00 እና 12:00 ሆነዋል። እዚህ ኃይሉ በረድፍ 3፣ 4፣ 5 እና 6 ተቋረጠ፤ እዚያ የተዘጋጁት ለረድፍ 9፣ 10፣ 11 እና 12 ነበር። ስለዚህ ገዥው በሌሊት ባላሰበው ሰዓት 240 ሜጋ ዋት ሰዓት ጎደለበት፤ ሲነጋ ደግሞ የናፍጣ ጀነሬተሮቹን አስነስቶ ያልጠበቀው 240 ሜጋ ዋት ሰዓት ደረሰለት። የቀኑ ድምር አንድ ቁጥር እንኳ አልተዛነፈም። ውላቸው ቅጣቱን በየሰዓቱ የሚያሰላ ስለነበር ግን ሁለቱም ወገኖች ቅጣት ጠያቂ ሆነው ቀረቡ፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲፈርድ ያየሁት ሰው ሁሉ ራሱን ይይዛል።

መፍትሄው፦ የማቋረጥ ማስታወቂያ ላይ ሰዓቱ በሦስት መልክ ይጻፍ፤ በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ በረድፍ ቁጥርና በአማርኛ በቃል። ሦስቱ ካልተስማሙ የፈረቃ ኃላፊው እንዳይፈጽም ይታዘዝ። "ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል፣ እንግባባለን" የሚል አይጠፋም። አትስሙት። በነገራችን ላይ ስዋሂሊ የሚናገሩት ጎረቤቶቻችንም በቃል ሲነጋገሩ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ነው፤ የእነሱ ሳ ሞጃ የእኛ አንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ በስልክ ላይ ተግባብታችሁ ትሳሳቁና ወረቀቱ ላይ ትለያያላችሁ። በስልክ የተባለ ሰዓት አይፈጸም። ደግሜ እላለሁ፣ በስልክ የተባለ ሰዓት አይፈጸም።

የሃያ አራት ረድፉ ነገር ከዚሁ ይወለዳል። "ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት" ብሎ የጻፈልኝ ኢንጂነር ነበር። በእኛ አነጋገር ማክሰኞ አምሽቶ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ በካላንደሩ ግን ያ ሰዓት ረቡዕ 02:00 ነው። ሌላው ወገን ማክሰኞ 02:00 ብሎ አንብቦ ሙሉ ቀን ቀደመ። አባቶቻችን "ለረቡዕ አጥቢያ" የሚል ቃል ትተውልን ሳለ የማይጠቀምበት ሰው ያናድደኛል። ሌሊትን ስትጽፉ አጥቢያውን ጻፉ።

በመጨረሻ የቆጣሪው የራሱ ሰዓት። ምልክቱ፦ ማስታወቂያው ትክክል ነው፣ ፕሮግራሙ ትክክል ነው፣ ግን ከአንድ ቀን ጀምሮ ንባቡ ሸሽቷል። ያን ቀን ምን ተሠራ ብላችሁ ጠይቁ። ቆጣሪ ተቀይሮ፣ ቴክኒሻኑም ሰዓቱን ከላፕቶፑ ሞልቶ፣ የላፕቶፑ የሰዓት ክልል ደግሞ የሌላ አገር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ላፕቶፑ የአዲስ አበባን ሰዓት የሚያገኘው ናይሮቢ በሚል ስም ሥር ነው፤ አዲስ አበባን ፈልጎ ያጣ ቸኩሎ የመጀመሪያውን ይመርጣል። ሽሽቱ በየወሩ በጥቂት ደቂቃ የሚያድግ ከሆነ ደግሞ ከሳተላይት ሰዓት የሚቀበለው አንቴና ገመዱ ላልቷል፣ ወይም ውስጥ ያለው ባትሪ በርካሽ የተገዛ ነው። የሚሊዮኖች ዶላር ሒሳብ በሚቆጥር መሣሪያ ላይ የሱቅ ባትሪ የሚያስገባ ሰው አይቻለሁ።

እዚህ ላይ ከሁሉ የምፈራው ማስተካከያውን ነው። ሰዓቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ብታገኙት ወዲያው ወደ ኋላ አትመልሱት። ወደ ኋላ ስትመልሱት ያው ሰዓት ሁለት ጊዜ ይመዘገባል ወይም አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል፤ ወደ ፊት ስትገፉት ባዶ ክፍተት ይቀራል። በሁለቱም መንገድ ማስረጃ አበላሻችሁ። በቅድሚያ መዝገቡን በሙሉ አውርዱ፣ የዋናውንም የማመሳከሪያውንም ቆጣሪ። ልዩነቱን በደቂቃና በሴኮንድ ጽፋችሁ የሁለቱም ወገን ተወካይ ይፈርምበት። ያለፈው በወረቀት ላይ ይታረም፤ ቆጣሪው የሚነካው ወሩ ተዘግቶ፣ ሁለቱም ቆመው ባሉበት፣ በሙሉ ሰዓት ላይ ነው። ማኅተሙ ከተቆረጠ አዲሱ የማኅተም ቁጥር እዚያው ይመዝገብ።

ያን ሌሊት የደወለልኝ ልጅ አሁን የፈረቃ ኃላፊ ነው። ባለፈው ሳምንት የላከልኝ ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፦ "ከ02:00 እስከ 06:00፣ ረድፍ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት።" ከሥሩ በእጁ ጨምሯል፦ "ጋሼ፣ ገዥው ሱዳን ስለሆነ በእነሱ ከ01:00 ነው፤ እሱንም ልጻፈው?" ጻፈው አልኩት።