የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለመምህርነት ቃለ መጠይቅ ሲጠራዎ

በአሜሪካ የቴኑር ትራክ፣ ማለትም ከዓመታት ግምገማ በኋላ ቋሚ ወደመሆን የሚያደርስ፣ የመምህር ቅጥር ረጅም ነው። ማስታወቂያው በብዛት ከኦገስት እስከ ኖቬምበር ይወጣል፤ ቃለ መጠይቁ የአሜሪካን የብርድ ወራት ይዞ እስከ ማርች ሊዘልቅ ይችላል።

የመጀመሪያው ዙር ብዙውን ጊዜ በዙም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው። የቅጥር ኮሚቴው ለሁሉም አመልካች ያንኑ ጥያቄ ያቀርባል፤ ስለዚህ አንድ መልስ ከሦስት ደቂቃ ካለፈ የቀጣዩን ጥያቄ ጊዜ ይበላል። «ምን ምን ኮርስ ማስተማር ይችላሉ?» መባልዎ አይቀርም። የትምህርት ክፍሉን የኮርስ ዝርዝር አስቀድመው አንብበው ኮርሶቹን በስማቸው ይጥሩ። «ማንኛውንም አስተምራለሁ» ማለት ዝርዝሩን እንዳላዩ ያስቆጥርብዎታል።

ይህን ካለፉ ወደ ግቢው ይጠራሉ። ጉብኝቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ከቁርስ እስከ እራት ከመምህራን፣ ከተማሪዎችና ከዲኑ ጋር በየግማሽ ሰዓቱ ይገናኛሉ። ምግቡም የግምገማው አካል ነው። ጾም ወይም ሌላ የምግብ ገደብ ካለብዎ መርሐ ግብሩን ለሚያወጣው ሰው ቀድመው ይንገሩ፤ ማንም አይቀየምም። አንዳንድ ተቋማት የጉዞውን ወጪ አመልካቹ ከፍሎ በደረሰኝ እንዲያስመልስ ያደርጋሉ፤ ገንዘቡ እስኪመለስ ሳምንታት ይወስዳል። አሜሪካ አዲስ ገብተው ክሬዲት ካርድ ካላወጡ ትኬቱንና ሆቴሉን ራሳቸው እንዲይዙልዎ ይጠይቁ። ሆቴሉ ሲገቡ ለማስያዣ ካርድ ሊጠይቅ ስለሚችል ይህንንም ያጣሩ።

ከሁሉ የሚከብደው ጆብ ቶክ የሚባለው፣ ስለ ምርምርዎ የሚያቀርቡት ገለጻ ነው። ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት ይመደብለታል፤ 45 ደቂቃ ያህሉ ለእርስዎ፣ የቀረው ለጥያቄ ነው። በቅጥርዎ ላይ ድምፅ ከሚሰጡት መካከል አብዛኞቹ የእርስዎ ልዩ ሙያ ሰዎች አይደሉም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች የምርምር ጥያቄዎ ለምን እንደሚያሳስብ ለማንም በሚገባ ቋንቋ ያስረዱበት፤ ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ሥራ በጥልቀት ያሳዩ፤ የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች ለወደፊት ዕቅድዎ ይተዉ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሰዓቱ ያልቅና ዕቅዱ ሳይነገር ይቀራል፤ ኮሚቴው የሚቀጥረው ግን ገና የሚሠራውን ሰው ነው። ሰዓት ካጠረ የትኛውን ስላይድ እንደሚዘሉ አስቀድመው ምልክት ያድርጉበት።

አስተዳደጋችን «እኔ ሠራሁ» ማለትን እንደ ትምክህት እንድናይ አድርጎናል። እዚያ መድረክ ላይ «እኛ» ብቻ ማለት ግን ሥራው የአማካሪዎ እንጂ የእርስዎ እንዳልሆነ ያስመስላል። «መጠይቁን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ትንተናውንም እኔ ሠራሁ፤ መረጃውን የሰበሰቡት ባልደረቦቼ ናቸው» ቢሉ እውነት ተናገሩ እንጂ አልተኩራሩም። ጥያቄ የሚያቀርቡልዎ ፕሮፌሰር የቱንም ያህል አንጋፋ ቢሆኑ ካልተስማሙ በአክብሮት ምክንያትዎን ያስረዱ፤ ዝም ማለት አለማወቅ ተደርጎ ይወሰዳል። መልሱን ካላወቁት ምን ቢደረግ ሊታወቅ እንደሚችል ይናገሩ።

በላቦራቶሪ ሳይንሶች ቾክ ቶክ ሊጨመር ይችላል፤ ያለ ስላይድ፣ በሰሌዳ ላይ፣ በየመሃሉ እየተጠየቁ የሚቀጥሉትን ዓመታት የምርምር ዕቅድ ያስረዳሉ። የመጀመሪያውን ግራንት (የምርምር ድጋፍ ገንዘብ) ከየትኛው ድርጅትና ለየትኛው ጥያቄ እንደሚያመለክቱ መልስ ይኑርዎ። ማስተማር ላይ ባተኮሩ ኮሌጆች ደግሞ የማስተማር ማሳያው ይበልጥ ይመዝናል። ተማሪዎቹን ጠይቀው መልስ እስኪመጣ በትዕግሥት ይጠብቁ።

ሃይማኖት፣ የትውልድ አገር ወይም እርግዝና የቅጥር ውሳኔ መሠረት እንዳይሆን የፌዴራል ሕግ ይከለክላል። እራት ላይ በወዳጅነት ቢነሣ ጨዋታውን ወደ ሥራው መመለስ ይችላሉ። የሥራ ፈቃድ እንዳለዎትና የቪዛ ስፖንሰር ያስፈልግዎ እንደሆነ ግን ዩኒቨርሲቲው ሊጠይቅዎ ይችላል፤ በእውነት ይመልሱ። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በኤች-1ቢ የሥራ ቪዛ ዓመታዊ ኮታ ስለማይገደቡ ዕጣ ሳይጠብቁ ያመለክታሉ። ለመምህራን የግሪን ካርድ ልዩ የሥራ ማረጋገጫ የሚቀርበው ግን ከተመረጡበት ቀን ጀምሮ በ18 ወር ውስጥ ስለሆነ፣ ማን እንደሚይዝልዎ ገና ሲቀጠሩ ይጠይቁ።

ደመወዝን ራስዎ አያንሡ። ቅጥሩ በስልክ ሲነገርዎ አመስግነው በጽሑፍ እንዲላክልዎ ይጠይቁ። ደመወዙ የ9 ወር መሆን አለመሆኑን፣ በሴሚስተር ስንት ኮርስ እንደሚያስተምሩ፣ የምርምር መጀመሪያ ገንዘቡንና የመጓጓዣ ድጎማውን ሳይፈርሙ ይደራደሩበት፤ ከፈረሙ በኋላ የሚጨምር የለም ማለት ይቻላል።