ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ የሚቀበርበት አለት እንዴት ይመረጣል?

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «አለቱ ጠንካራ ነው ወይ?» ብሎ ነው። እኔ የማስቀድመው ውሃውን ነው። ቆሻሻው የታሸገበትን ብረት የሚበላው፣ ቆሻሻውን አሟሙቶ ወደ ላይ የሚያመጣው ውሃ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? በቆሻሻው ውስጥ ያለው ፕሉቶኒየም 239 ግማሹ እስኪከስም ብቻ 24,100 ዓመት ገደማ ስለሚፈጅ፣ ለማሳሳቅ ጊዜ ሞልቶታል።

ስለዚህ ከኮሩ ጀምሩ፤ ማለትም ከቁፋሮ ከሚወጣው እንደ ዱላ ረጅምና ድቡልቡል ከሆነ የአለት ናሙና። በእርጥብ ስፖንጅ አብሱት። ደረቅ አለት ብዙ ነገር ይደብቃል፤ ሲረጥብ ስንጥቆቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ከዚያ አንድ በአንድ ለዩ፦ መሰርሰሪያው የሰበረው ነው ወይስ ድሮም የነበረ? አዲሱ ስብራት ፊቱ ንጹህ ነው። የቆየው አብዛኛውን ጊዜ የማዕድን ሽፋን አለው። ሽፋኑ ነጭ ከሆነ ቀጠን ያለ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አድርጉበት። ከተንጨረጨረ ካልሳይት የሚባለው የኖራ ድንጋይ ማዕድን ነው፤ አንድ ዘመን ላይ ውሃ አልፎበታል። ዝገት የመሰለ ቡኒ ከሆነ ደግሞ ቆም በሉ። ኦክስጅን የያዘ ውሃ ከላይ እስከዚያ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ቢጫ የሚያብለጨልጭ፣ ያልዛገ ፓይራይት (የብረትና የድኝ ማዕድን) ስታገኙ ግን ደስ ይበላችሁ፤ ኦክስጅን አልደረሰበትም ማለት ነው። ኦክስጅን በሌለበት ዩራኒየም በውሃ የሚሟሟው እጅግ በጥቂቱ ነው።

ቀጥሎ ውሃውን ራሱን ከጥልቀቱ ቅዱና አስመርምሩ። ጨዋማና ዕድሜው የገፋ ከሆነ፣ ከላይኛው ውሃ ጋር ብዙም አይገናኝም ማለት ነው።

አለቱን በተመለከተ ሦስት ዋና ምርጫዎች አሉ። ግራናይትና ግናይስ ጠንካራ ናቸው፤ ዋሻው ሳይደረመስ ይቆማል። ችግሩ ስንጥቅ አያጡም። ፊንላንድ ኦልኪሉቶ ላይ የተቆፈረው ኦንካሎ የተባለ መቅበሪያ ወደ 1.9 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው አለት ውስጥ ከ400 እስከ 450 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። እዚያ አለቱ ብቻውን አይታመንም፤ የመዳብ መያዣና ውሃ ሲነካው የሚያብጥ የቤንቶናይት ሸክላ ይታከልበታል። ቆሻሻው ሙቀት ስለሚያመነጭ፣ ቤንቶናይቱ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንዳይሞቅ መያዣዎቹን አራርቁ።

የሸክላ አለት የእኔ ምርጫ ነው። በፈረንሳይ ቡር አካባቢ የተጠናው 160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው። ውሃ በውስጡ አለ፣ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም ማለት ይቻላል። ለቁፋሮ ግን ያስቸግራል፤ ዋሻውን ወዲያው መደገፍ ያስፈልጋል።

ጨው ሦስተኛው ነው። አሜሪካ ውስጥ በኒው ሜክሲኮ ከ1999 ጀምሮ 655 ሜትር ጥልቀት ላይ ቆሻሻ ይቀበርበታል። ጨው ቀስ እያለ ይፈስና ክፍተቱን ራሱ ይዘጋል። ጨውን አትመኑ አልልም፤ ያረጀ የጨው ማዕድን ማውጫን ግን አትመኑ። ጀርመን ውስጥ አሴ በተባለ አሮጌ ማውጫ ከ1967 እስከ 1978 ወደ 126,000 በርሜል ቆሻሻ ገባ። ከ1988 ጀምሮ ጨዋማ ውሃ ሲገባበት ቆይቷል። የድሮዎቹ ቆፋሪዎች ጨው ፍለጋ ከጨው ውጪ ወዳለው የጎን አለት በጣም ስለተጠጉ ውሃው መንገድ አገኘ። አሁን በርሜሎቹን መልሶ ለማውጣት ነው የታቀደው።

የመሬት መንቀጥቀጥ ሲባል ሰው የሚፈራው ንዝረቱን ነው። ከመሬት በታች ንዝረቱ ከላይኛው ይቀላል፤ የሚያሰጋው የስንጥቅ መንሸራተት ነው። በስዊድን ንድፍ መያዣው እስከ 5 ሳንቲሜትር መንሸራተትን እንዲችል ታስቧል። ስለዚህ አለቱ ተሰንጥቆ ከሚንሸራተትባቸው ትልልቅ ስብሮች ራቁ፤ ረጅም ስንጥቅ የመቅበሪያ ጉድጓዱን ካቋረጠው ያንን ጉድጓድ ተዉት። አይቆጭም።

ከሥሩ ነዳጅ፣ ፖታሽ (ለማዳበሪያ የሚሆን ጨው) ወይም ብረት ያለበትንም ቦታ ዝለሉ። ከሺህ ዓመት በኋላ የሚመጣ ቆፋሪ ማስጠንቀቂያችሁን ላያነበው ይችላል። የኒው ሜክሲኮው ዙሪያ ነዳጅም ፖታሽም አለበት፤ ይኼ ነገር እኔን ሁሌ ይከነክነኛል።

የራሳችሁንም መሰርሰሪያ ተጠራጠሩ። እያንዳንዱ የምርመራ ጉድጓድ ለውሃ አዲስ መንገድ ነው። የቦታውን መሃል በተቻለ መጠን በጂኦፊዚክስ፣ ማለትም ሳይቆፈር ከላይ በመለካት፣ አጥኑ፣ ቁፋሮውን ወደ ዳር አድርጉት። የቆፈራችሁትን ሁሉ ቦታውን መዝግቡና በደንብ ድፈኑት፤ ይኼ ሥራ በጀት ሲያልቅ የሚዘለል ስለሆነ ገንዘቡን ቁፋሮው ሳይጀመር ለዩት።