ሶፍትዌሩ የሰጣችሁን ኪ በጆሮ አጣሩ

ሚክስ ለምታደርጉ ዲጄዎች አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። ሪኮርድቦክስ የተባለው የዲጄ ሶፍትዌር ዘፈኑን መርምሮ ኪው (መነሻ ድምፁና ስኬሉ) «ኤ ማይነር» ነው ቢላችሁ ቶሎ አትመኑት፤ በተለይ የዘፈኑ ቅኝት ትዝታ ከሆነ። መነሻው ሲ የሆነው የትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች (ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ) ኤ ማይነር ውስጥም ስላሉ ሶፍትዌሩ ሊምታታበት ይችላል።

ስልካችሁ ላይ የፒያኖ አፕ ክፈቱ። ዘፋኙ አዝማቹን ሲጨርስ የሚያርፍበትን ድምፅ ፈልጉና ዘፈኑ እየሄደ ደጋግማችሁ ንኩት። ጆሮ ካልጎረበጠ፣ መነሻው እሱ ነው።

ደግሞ ኪ ሎክ (ፍጥነቱ ሲቀየር ኪው እንዳይቀየር የሚያደርገውን) ማብራት እንዳትረሱ! ሳይበራ ፍጥነቱን 6 በመቶ ከጨመራችሁ ዘፈኑ በግማሽ ቶን ገደማ ይወጣል። ያን ሁሉ ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው።