የባሽ ፕሮምፕትን ሲያስተካክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ምንም ትዕዛዝ ሳይጽፉ ኢንተርን በተጫኑ ቁጥር ያው የስህተት መልእክት የሚመላለስ ከሆነ፣ ጥፋቱን መፈለግ ያለብዎ በፕሮምፕትዎ (ትዕዛዝ ከሚጻፍበት ቦታ ፊት በሚታየው ጽሑፍ) ውስጥ ነው። ባሽ (ትዕዛዞችን ተቀብሎ የሚያስኬደው ሼል) ፕሮምፕቱን ከማሳየቱ በፊት ፕሮምፕት_ኮማንድ (PROMPT_COMMAND) በተባለው ቫሪያብል (እሴት በስም የሚቀመጥበት ቦታ) የተቀመጠውን ሁሉ እንደ ትዕዛዝ ያስኬዳልና።

ብዙ ሰዓት የሚያባክነው ስህተት ይህን ቫሪያብል በኤክስፖርት (export) ትዕዛዝ ኤክስፖርት ማድረግ ነው። ኤክስፖርት የተደረገ ቫሪያብል ከዚያ ሼል ወደሚነሳ ማንኛውም ሼል ይተላለፋል፤ ቫሪያብሉ የሚጠራው ፈንክሽን (በስም የሚጠራ የትዕዛዞች ስብስብ) ግን አብሮት አይሄድም። ፈንክሽኑ የተጻፈው ሎጊን ሼል (ተጠቃሚው ሲገባ የሚነሳው ሼል) ብቻ በሚያነበው የባሽ ፕሮፋይል (.bash_profile) ፋይል ውስጥ ከሆነ፣ አዲሱ ሼል ፈልጎ ስለሚያጣው በየመስመሩ «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» (ትዕዛዙ አልተገኘም) ይላል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ፦ ባሽን ሲነሳ የሚያነበውን የባሽአርሲ (.bashrc) የማስተካከያ ፋይል ሳያነብ እንዲነሳ ቢያደርጉት እንኳ ቫሪያብሉ የተወረሰ በመሆኑ ስህተቱ አይጠፋም፤ ይህም ፋይሉ ንጹሕ ነው ወደሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ይመራል። ኤክስፖርት የሚለውን ቃል አጥፍተው ፈንክሽኑንም ቫሪያብሉንም ባሽአርሲ ውስጥ በአንድነት ያኑሯቸው።

በነባሩ ፕሮምፕት_ኮማንድ ላይ ሌላ ትዕዛዝ ሲቀጥሉ ሁለት ሴሚኮለን ጎን ለጎን (;;) እንዳይገጥሙ ይጠንቀቁ፤ ባሽ ይህን እንደ ሲንታክስ ስህተት ይቆጥረዋል። ከባሽ 5.1 ጀምሮ ቫሪያብሉ አሬይ (የብዙ እሴቶች ዝርዝር) መሆን ስለሚችል፣ እያንዳንዱን ትዕዛዝ ለብቻው ማስቀመጥ ይሻላል።

የቀለም ኮዶችን በ \[ እና \] መካከል አለማስገባት የስህተት መልእክት ስለማያወጣ ይበልጥ ያደናግራል። ባሽ የማይታዩትን ኮዶች እንደሚታዩ ፊደላት ቆጥሮ የፕሮምፕቱን ርዝመት ስለሚያዛባ፣ ረዥም ትዕዛዝ ሲጽፉ መስመሩ ወደ ታች ከመውረድ ይልቅ በራሱ ላይ ይደረባል፤ በቀስት ቁልፍ የቀድሞ ትዕዛዞችን ሲያመጡም የማይጠፋ ቁርጥራጭ ጽሑፍ ይቀራል።

በፕሮምፕቱ ውስጥ የጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ ፕሮግራም) ቅርንጫፍን ስም የሚያወጣውን $(…) በድርብ ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ካስገቡት አንድ ጊዜ ብቻ ይሰላና ስሙ ሳይለወጥ ይቀራል፤ ነጠላውን ይጠቀሙ።

በመጨረሻም ቀለም የሚያዘጋጁ ወይም ሰላምታ የሚጽፉ መስመሮችን ያለ ገደብ ባሽአርሲ ውስጥ አይተዉ። በኤስኤስኤች (ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በሚያገናኘው መንገድ) ፋይል ሲገለበጥ በሩቁ ሰርቨር ያለው ባሽ ይህንኑ ፋይል ሊያነብ ስለሚችል፣ የሚወጣው ጽሑፍ ከሚተላለፈው ዳታ ጋር ተቀላቅሎ ቅጂውን ያቋርጠዋል። ሼሉ ኢንተራክቲቭ (ከተጠቃሚው በቀጥታ ትዕዛዝ የሚቀበል) ካልሆነ ንባቡን የሚያቆመው፣ በኡቡንቱ ባሽአርሲ መጀመሪያ ላይ ተዘጋጅቶ የሚገኘው ትዕዛዝ ይህን ስለሚከላከል፣ የራስዎን ማስተካከያ ሁሉ ከእርሱ በታች ይጻፉ።