በካሜራ ሴንሰር ድራይቨር ውስጥ የተደጋገመን የኃይል ኮድ እንዴት ወደ አንድ ቦታ መሰብሰብ ይቻላል

በሊነክስ ከርነል ውስጥ ያሉ የቆዩ የካሜራ ሴንሰር ድራይቨሮችን ከፍቶ ያነበበ ሰው፣ ሴንሰሩ የሚበራበትና የሚጠፋበት ቅደም ተከተል ሁለት ሦስት ቦታ ተጽፎ ያገኛል። አንዱ በፕሮብ (ከርነሉ ሴንሰሩን ሲያገኝ በሚጠራው የድራይቨሩ ማስጀመሪያ ፈንክሽን) ውስጥ፣ ሌላው «ኤስ ፓወር» በተባለው አሮጌ የቪ4ኤል2 (የሊነክስ የቪዲዮ ሥርዓት) ኮልባክ፣ ማለትም ከርነሉ ራሱ በሚጠራው ፈንክሽን ውስጥ፣ ሌላው በራንታይም ፒኤም (ሥራ የሌለውን ዲቫይስ የሚያጠፋው የከርነሉ የኃይል አስተዳደር) ኮልባኮች ውስጥ ነው። አንዳንዴም ማሽኑ ሲተኛና ሲነቃ በሚጠሩት ፈንክሽኖች ውስጥ አራተኛ ቅጂ አለ። ጉዳቱ ከመስመር ብዛት ያልፋል። በአንዱ ቅጂ የተስተካከለ የመጠበቂያ ጊዜ በሌላው ይረሳና፣ ካሜራው አሥር ጊዜ ሠርቶ በአሥራ አንደኛው እምቢ ይላል።

እዚህ በምሳሌነት የምንይዘው የሶኒን አይኤምኤክስ219 ነው። በ2016 በወጣው የራስበሪ ፓይ ካሜራ ሞጁል 2 ላይ የተገጠመው ባለ 8 ሜጋፒክሰል ሴንሰር ነው።

1. ቅጂዎቹን ፈልጉና አስተያዩ። በድራይቨሩ ፋይል ውስጥ ሬጉሌተር (ቮልቴጅ ሰጪ) የሚያበሩ፣ ክሎክ (የጊዜ ምት ሰጪ) የሚያስነሱና የሪሴት (ዳግም ማስጀመሪያ) ፒን የሚነኩ መስመሮችን በሙሉ ፈልጉ። ከአንድ ቦታ በላይ ከተገኙ ወዲያው አትሰርዙ፤ መጀመሪያ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቧቸው። ልዩነት ካላቸው የሚፈርደው የሴንሰሩ ዳታሺት (የአምራቹ ቴክኒካዊ ሰነድ) ነው።

2. አንድ የማብሪያና አንድ የማጥፊያ ፈንክሽን ጻፉ። አይኤምኤክስ219 ሦስት የኃይል መስመሮች አሉት፤ 2.8 ቮልት ለአናሎግ፣ 1.8 ቮልት ለዲጂታል ግቤትና ውጤት፣ 1.2 ቮልት ለዲጂታል ኮር። ሦስቱንም በአንድ ጥሪ በጅምላ አብሩ፣ ክሎኩን አስነሱ፣ ሪሴቱን ልቀቁ፣ ከዚያ ጠብቁ። ማጥፊያው ይህንኑ ወደ ኋላ ይሄድበታል።

የመጠበቂያው ቁጥር በግምት የሚቀመጥ አይደለም። ሪሴቱ ከተለቀቀ በኋላ ቢበዛ 200 ማይክሮሰከንድ፣ ከዚያ 6000 ማይክሮሰከንድ ያስፈልጋል፤ ድምሩ 6200 ነው። ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ ገደብ አለ፤ ይኸውም እስከ 32000 የክሎክ ዑደት ነው። ሴንሰሩ የሚቀበለው ክሎክ ከ6 እስከ 27 ሜጋኸርዝ ስለሆነ፣ በዝግተኛው በ6 ሜጋኸርዝ እንኳ 5333 ማይክሮሰከንድ ስለሚሆን ከ6000 አያልፍም። ስለዚህ ከ6200 እስከ 7200 ማይክሮሰከንድ መተኛት በማንኛውም ክሎክ ያስተማምናል። ይህን ስሌት ከቁጥሩ በላይ በኮሜንት ጻፉት፤ አለበለዚያ ነገ አንድ ሰው «ብዙ ነው» ብሎ ይቀንሰዋል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ይበላሻል። የመጀመሪያው የስህተት መንገድ ነው፦ ክሎኩ አልነሳ ካለ ሬጉሌተሮቹን ሳያጠፉ መመለስ ቆጠራቸውን ከፍ አድርጎ ያስቀረዋል፤ ኃይሉም ከእንግዲህ አይጠፋም። ሁለተኛው የሪሴት ፒኑ አቅጣጫ ነው። የአይኤምኤክስ219 ድራይቨር ሪሴቱን ለመልቀቅ 1 ይጽፋል። «ላስተካክል» ብላችሁ ብትገለብጡት በሥራ ላይ ያሉት የዲቫይስ ትሪ ፋይሎች (የቦርዱን ሃርድዌር ለከርነሉ የሚገልጹት) ሁሉ ይሰበራሉ፤ ስለዚህ ኮድ ስታጸዱ አትንኩት። ሦስተኛው፦ ሁለቱ ፈንክሽኖች የዲቫይስ ፖይንተር ብቻ ተቀብለው የድራይቨሩን ዳታ ከእሱ ያውጡ፤ ያን ጊዜ ያለ ምንም መሸፈኛ በቀጥታ የራንታይም ፒኤም ኮልባክ ይሆናሉ። ነገር ግን ያንን ዳታ የሚያስቀምጠው ሰብዲቫይሱን (ሴንሰሩን በቪ4ኤል2 ውስጥ የሚወክለውን) የሚያስጀምረው ጥሪ ነው። ፕሮብ ውስጥ ማብሪያውን ከእሱ በፊት ከጠራችሁ ከርነሉ በባዶ ፖይንተር ይወድቃል።

3. ኤስ ፓወርንና የራሱን ቆጣሪ አውጡ። «ስንት ሰው አብርቶኛል» የሚለውን ቆጠራ ራንታይም ፒኤም ይይዛል፤ ድራይቨሩ የራሱ ቆጣሪና ሚውቴክስ (መቆለፊያ) አያስፈልገውም። ምስል መላክ ሲጀመር «ሪዚዩም ኤንድ ጌት» የሚለውን (አብርቶ ቆጠራውን የሚጨምረውን)፣ ሲቆም «ፑት» የሚለውን (ቆጠራውን የሚቀንሰውን) ጥሩ። «ጌት ሲንክ» የሚለውን ተዉት፤ ማብራቱ ባይሳካም ቆጠራውን ስለሚጨምር፣ በስህተት መንገዱ መቀነስ ከተረሳ ሴንሰሩ ዳግም አይጠፋም።

የኮንትሮል ጥያቄ፣ ለምሳሌ ጌይን (የምስሉን ሲግናል የማጉላት መጠን) መቀየር፣ ሴንሰሩ ጠፍቶ ሳለ ሊመጣ ይችላል። ያኔ «ጌት ኢፍ ኢን ዩዝ» (ዲቫይሱ በሥራ ላይ ከሆነ ብቻ ቆጠራውን የሚጨምረው ጥሪ) ዜሮ ከመለሰ ወደ ሬጅስተር (የሴንሰሩ ቅንብር የሚጻፍበት ቦታ) ሳትጽፉ በሰላም ተመለሱ፤ ዋጋው በቪ4ኤል2 ዘንድ ተቀምጧል። ምስል መላክ ሲጀመር ኮንትሮሎቹን በሙሉ አንድ ላይ ጻፏቸው። ኮንትሮሎቹን መጻፉን በሪዚዩም (በማብሪያው) ኮልባክ ውስጥ ማስገባት ግን ወጥመድ ነው፤ በዚያ ቅጽበት ዲቫይሱ ገና «በመነሳት ላይ» ስለሚባል ያው «ጌት ኢፍ ኢን ዩዝ» ዜሮ ይመልሳል፣ ኮንትሮሎቹም ያለ አንዳች የስህተት መልእክት ሳይጻፉ ይቀራሉ።

4. የመተኛና የመንቂያ ኮልባኮችን ሰርዙ። ማሽኑ ሲተኛ ምስሉን አቁሞ ሲነቃ ማስቀጠል ተቀባዩን (ምስሉን ከሴንሰሩ የሚቀበለውን ሃርድዌር) የሚያስተዳድረው ድራይቨር ሥራ ነው፤ እሱ የሴንሰሩን የማቆሚያና የማስጀመሪያ ጥሪ ይጠቀማል። ሴንሰሩ ለብቻው ካደረገው ተቀባዩ ሳይዘጋጅ ምስል መላክ ሊጀምር ይችላል። በዚሁ ምክንያት በ2023 እነዚህ ኮልባኮች ከብዙ ሴንሰር ድራይቨሮች ወጥተዋል።

5. ፕሮብና ሪሙቭ (ድራይቨሩ ሲወጣ የሚጠራው ፈንክሽን)። የኃይል አስተዳደር ሳይካተት በተገነባ ከርነል ላይ ኮልባኮቹ ፈጽሞ አይጠሩም። ስለዚህ ፕሮብ ማብሪያውን በቀጥታ ይጥራ፣ መለያ ቁጥሩን ያንብብ (በሄክሳ 0219)፣ ዲቫይሱን «ንቁ» ብሎ ይመዝግብ፣ ራንታይም ፒኤምን ይክፈት፣ ከዚያ እንዲያርፍ ይልቀቀው። ሪሙቭ ደግሞ ራንታይም ፒኤምን ዘግቶ፣ ዲቫይሱ ቀድሞ ካልጠፋ ብቻ ማጥፊያውን ይጥራ። ማረጋገጫው ከተዘለለ ሁለት ጊዜ ይጠፋና ከርነሉ ያልተመጣጠነ የሬጉሌተር ማጥፋት እንዳለ ያስጠነቅቃል።

6. ፈትኑት። ካሜራውን 100 ጊዜ የሚያስጀምርና የሚያቆም ስክሪፕት አሂዱ። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ፣ በሲስኤፍኤስ (ከርነሉ የዲቫይሶችን ሁኔታ በፋይል መልክ የሚያሳይበት ማውጫ) ውስጥ በዲቫይሱ የፓወር ማውጫ ሥር ያለው የራንታይም ስታተስ ፋይል «ሰስፔንድድ» ማለት አለበት። «አክቲቭ» ሆኖ ከቀረ አንድ «ፑት» ጎድሏል። በራስበሪ ፓይ ላይ -121 የሚል የአይ2ሲ (ከሴንሰሩ ጋር የሚነጋገሩበት መስመር) ስህተት ከታየ ሴንሰሩ መልስ አልሰጠም ማለት ነው፤ አንድ ሬጅስተር ሳይበራ ተነክቶ ወይም መጠበቂያው አጥሮ ሊሆን ይችላል። ሞጁሉንም አውጥታችሁ መልሳችሁ ጫኑ።

ራስበሪ ፓይ ላይ ማለፉ ብቻ ግን አይበቃም። በዚያ ቦርድ ዲቫይስ ትሪ ውስጥ ከሦስቱ ሬጉሌተሮች እውነተኛው አንዱ ሲሆን ሁለቱ ለይስሙላ የተቀመጡ ናቸው፤ የቅደም ተከተል ስህተት ተደብቆ ሊያልፍ ይችላል። ሦስቱም መስመሮች ለየብቻ በሚበሩበት ሌላ ቦርድ ላይ ድገሙት።