አጥንት በእጅ ማንበብ፦ ከበዓል በግ የማነጻጸሪያ አጽም አዘገጃጀት

አናቶሚን ወይም የአከርካሪ እንስሳትን ዝግመተ ለውጥ በሁለተኛ ዲግሪ የሚያጠና ሰው አትላስ፣ ማለትም የአጥንት ሥዕል መጽሐፍ፣ አጥቶ አይቸገርም። የሚቸገረው ጠረጴዛው ላይ የሚያገኘው ነገር አትላሱ ላይ እንዳለው ሙሉ አጥንት ሳይሆን አውራ ጣት የምታህል ስባሪ ስትሆን ነው። የየትኛው አጥንት ናት? ቀኝ ናት ግራ? የሰው ናት የእንስሳ? መስክ ላይ ደግሞ ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል። አፋር ውስጥ ከመሬት ከሚለቀመው የአጥቢዎች ቅሪተ አካል ብዙው የድኩላና የአጋዘን ዘመዶች፣ የአሳማ፣ የጉማሬና የዝንጀሮ ነው፤ የሰው ዘር ስባሪ በመካከሉ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። እንስሳውን ያላወቀ ሰውን አይለይም።

የሰው አጥንት ከላብራቶሪ አይወጣም፣ መውጣትም የለበትም። ከእሱ ጎን ለጎን የሚነበብ የእንስሳ አጽም ግን ማንም ተማሪ ቤቱ ሊያዘጋጅ ይችላል። የሚያስፈልገው አንድ በግ፣ አንድ የዶሮ ራስ፣ ክዳን ያላቸው ሁለት ባለ 20 ሊትር የፕላስቲክ ባልዲዎች፣ የሽንኩርት መረብ ከረጢቶች፣ ያረጀ ስቶኪንግ፣ የሻይ ማጥለያ፣ ጓንት፣ ላርጎ፣ ከፋርማሲ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ከዚያም ሦስት ወር ያህል ጊዜ ነው።

ከእርዱ በፊት

ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና በእርዱ ቀን ነው። ራሱ ለሾርባ በመጥረቢያ ይፈለጣል፣ እግሩ በእሳት ይለበለባል፣ ቅልጥሙ መቅኔው እንዲወጣ ይሰበራል። ስለዚህ አራጁን አስቀድሞ መለመን ያስፈልጋል፦ መጥረቢያ አይነካው፣ ሁሉም በቢላ በመጋጠሚያው ይለያይ። ብልት ማውጣት የሚችል ሰው ይህን ከማንኛውም የላብራቶሪ ረዳት በተሻለ ያውቀዋል፤ ቢላው የት እንደሚገባ እጁ ያውቃል። አጠገቡ ቆማችሁ ማየት ራሱ አንድ የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ ነው። ወርቹ ሲነሳ ቢላው ሥጋ ብቻ እየቆረጠ ያልፋል፣ አንድም መጋጠሚያ አያገኝም። በግ ክላቪክል፣ ማለትም ትከሻን ከደረት የሚያገናኝ አጥንት፣ የለውም፤ የትከሻው አጥንት ከደረቱ ጋር የተያያዘው በጡንቻ ብቻ ነው። የኋላው እግር ግን የጭኑ ኳስ ከጉድጓዷ እስክትወጣ ድረስ አይለቅም። የእኛ ክንድ በክላቪክል በኩል ከደረት አጥንት ጋር ስለሚገናኝ ወደ ጎንና ወደ ላይ ይዘረጋል፤ የበግ የፊት እግር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል እንጂ እንዲያ አይዘረጋም።

ዕድሜውን በጥርሱ ምረጡ። ጠቦት ይረክሳል፣ ግን የረጃጅም አጥንቶቹ ጫፎች ገና ከዘንጉ ጋር ስላልተዋሃዱ ሲዘፈዘፉ ይረግፋሉ። ስምንቱም የታችኛው የፊት ጥርሶቹ የተተኩ፣ ወደ 4 ዓመት የተጠጋ በግ ይሻላል። በምን እንደሞተ ያልታወቀ እንስሳ በምንም ዋጋ አትንኩ፤ አባ ሰንጋ ቀልድ አያውቅም። ዝርያውን፣ ጾታውንና ዕድሜውን በዚያው ቀን ጻፉ። አጥንቱ ከጸዳ በኋላ በግ ይሁን ፍየል መለየት ባለሙያንም ያከራክራል።

ሥጋውን ማንሳትና መዘፍዘፍ

ሥጋውን በስለታም ቢላ አንሱ፣ ነገር ግን አጥንቱን አትፋቁ። የቀረውን ባክቴሪያ ይበላዋል። ቢላ አጥንት ላይ የሚተወው ጭረት አይጠፋም፤ በጥንታዊ አጥንት ላይ ደግሞ ጭረት ትልቅ ነገር ነው። አፋር ውስጥ ካለችው ዲኪካ ተገኝተው እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆኑትና 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያላቸው ሁለት አጥንቶች ጭረታቸው የድንጋይ መሣሪያ ነው ወይስ የእንስሳ ርግጫ ወይም ንክሻ በሚል ብዙ አከራክረዋል። እንዲያውም አንድ የጎድን አጥንት ሆን ብላችሁ በብረት ቢላ ጫሩና ለብቻው አስቀምጡ፤ በአጉሊ መነጽር ሥር የምታነጻጽሩበት ይሆናል።

አንጎሉን ከራስ ቅሉ ሥር ባለው ቀዳዳ በሽቦ አፍርሳችሁ በውሃ አጥባችሁ አውጡ። ከዚያ እያንዳንዱን እግር በየራሱ መረብ ከረጢት ክተቱ፤ የቀኙን አፍ በቀይ ናይለን፣ የግራውን በሰማያዊ እሰሩ። የእጅ አንጓ አጥንቶች ሲላቀቁ ከመረቡ ስለሚሾልኩ ስቶኪንግ ውስጥ ይግቡ። በግ በአንድ ጎን 6 አሉት፣ ሰው 8። ከተቀላቀሉ ቀኙን ከግራ ለመለየት ሳምንት ይፈጃሉ።

አጥንቱን ባልዲ ውስጥ አድርጋችሁ ውሃው ከላዩ አምስት ሴንቲ ሜትር እስኪያልፍ ሙሉት፤ ጨውም ሳሙናም አትጨምሩ። የሚሠራላችሁ ባክቴሪያ ነው፣ እነዚህ ይገድሉታል። ክዳኑን ጣል አድርጉ እንጂ አታጥብቁ፤ ጋዝ ይወጣል። ሽታው ጎረቤት ያጣላል፣ ስለዚህ ከቤት ራቅ ያለና ውሻ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። 30 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ውሃ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይበቃል። በአዲስ አበባ ብርድ ግን ሁለት ወር ሊወስድ ስለሚችል ጥቁር ባልዲ ፀሐይ ላይ ማዋል ይረዳል። በየሳምንቱ ውሃውን ግማሹን ብቻ ለውጡ፤ ሁሉንም ከደፋችሁ ባክቴሪያውንም ደፋችሁት። ውሃው ሲደፋ በሻይ ማጥለያ ይለፍ፣ ምክንያቱ ቆይቶ ይመጣል። ቦዩ ውስጥ ሳይሆን ጉድጓድ ቆፍራችሁ ድፉት። ቀንድ ካለው ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ሽፋኑ እንደ ካልሲ ይወልቃል፤ ለብቻው ይታጠብ።

ለማፍጠን ብሎ ማንተክተክ የተለመደ ስህተት ነው። ፍላት ስቡን ወደ አጥንቱ ውስጥ ያስርገዋል፣ ጥርስ ይሰነጥቃል፣ አጥንቱን አንድ አድርጎ የያዘውን ኮላጅን ያላላል። ሌላው ስህተት ከዚህ ይከፋል፦ በረኪና። ለጊዜው ያነጣል፤ ከወራት በኋላ ግን አጥንቱ እንደ ጠመኔ እጅ ላይ ይፈረፈራል።

ስብ ማውጣትና ማንጣት

ሥጋው ካለቀ በኋላ አጥንቱ ንጹሕ ይመስላል፤ አይደለም። አንድ ባልዲ የሞቀ ውሃ ውስጥ፣ እጅ የሚችለው ሙቀት ማለት ነው፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ላርጎ ጨምራችሁ ዘፍዝፉ፤ ውሃው በደፈረሰ ቁጥር ለውጡ። የጭንና የክንድ አጥንት ከአንድ ወር በላይ ሊፈልግ ይችላል። ስቡ ማለቁን የምታውቁት ስታደርቁት ነው፦ ጫፎቹ ላይ እንደ ቅባት ወረቀት ብጫና አሳላፊ ነጥብ ከተመለሰ አላለቀም። የግራውን ጎን አጥንቶች ጫፍ በ2 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ብትበሱ መቅኔው ቶሎ ይወጣል፤ ቀኙን ግን ሳይነካ ተዉት፣ ለጥናት የሚሆነው እሱ ነው።

ለማንጣት 3 በመቶ ፐርኦክሳይድ በፕላስቲክ ዕቃ፣ ክዳኑ ሳይጠብቅ፣ ለ24 ሰዓት ያህል። ቅጥል ያለ ነጭ አትፈልጉ፤ የክሬም መልክ ሲይዝ አውጡት። በብዙ ውሃ አለቅልቃችሁ ጥላ ላይ ሳምንት አድርቁ። ፀሐይ ላይ ከደረቀ ጥርሱ ይሰነጠቃል።

የወለቁ ጥርሶችንና የረገፉ ጫፎችን በነጩ የአናጢ ኮላ መልሱ፤ ስህተት ቢሆን በውሃ ይለቃል። ሱፐር ግሉ አይለቅም፣ ተጣሞ ከያዘም ቀጥሎ የምትለኩት ማዕዘን ሁሉ ውሸት ይሆናል። እያንዳንዱ አጥንት ላይ መጋጠሚያ ያልሆነ ቦታ ፈልጋችሁ በቀጭን ቀለም ቁጥር ጻፉ። ይኸው ቁጥር ደብተራችሁ ላይ ከዝርያው፣ ከጾታው፣ ከዕድሜውና ከጎኑ ጋር ይግባ።

አሁን አንብቡት

ላብራቶሪ ስትገቡ በጭን አጥንት ጀምሩ። የበጉንና የሰውን የጉልበት ጫፋቸውን ወደ ታች አድርጋችሁ ሁለቱም ጉብታዎች ጠረጴዛውን እኩል እንዲነኩ አቁሙ። የበጉ ዘንግ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሰው ዘንግ ወደ ውጭ ያዘነብላል፣ 10 ዲግሪ አካባቢ። ስንራመድ በየእርምጃው በአንድ እግር ስለምንቆም ጉልበቱ ከሰውነታችን ክብደት ሥር መግባት አለበት፤ ዝንባሌው የሚያስገባው እሱ ነው። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ዶናልድ ጆሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1973 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ያገኘው የጉልበት መጋጠሚያ በሁለት እግሩ የሚሄድ ፍጡር ነው ያሰኘው ይህ ማዕዘን ነበር፤ ድንቅነሽ የተገኘችው በዓመቱ ነው። እጃችሁ የገባው አንድ ጉብታ ብቻ ከሆነ ማዕዘን መለካት አይቻልም። ያኔ የጉልበት ሎሚ የምትንሸራተትበትን ቦይ እዩ፦ የሰው ሰፊ ሆኖ የውጭ ከንፈሩ ከፍ ይላል፣ የበግ ጠባብና ጥልቅ ነው።

ከዘንጉ ስባሪ ከሆነ የግድግዳውን ውፍረት ተመልከቱ። በሰው ከዘንጉ ስፋት ሩብ ገደማ ነው፣ በእንስሳ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይወፍራል። ይህ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ቀጭኑ ተቆርጦ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ ግን የበግና የበሬ አጥንት በፍጥነት ስለሚያድግ ብዙ ጊዜ እንደ ጡብ ግድግዳ የተደረደረ ሆኖ ይታያል።

የፊት እግሩን ስትይዙ ስሞቹ ያምታታሉ። የበጉ የፊት «ጉልበት» የምንለው የእጅ አንጓው ነው። ከሥሩ ያለው አንድ ረጅም አጥንት የእኛ የመዳፍ ሦስተኛና አራተኛ አጥንቶች ተዋሕደው የሠሩት ነው። መሐሉ ላይ የሚወርደው ስስ ቦይ የስፌቱ ምልክት ነው፣ ታች ጫፉም አሁንም ለሁለት ይከፈላል። ክንዱ ላይ ካሉት ሁለት አጥንቶች አልና የሚባለው ራዲየስ ከሚባለው ጋር ተጣብቋል፤ በግ መዳፉን መገልበጥ አይችልም። እናንተ ቁልፍ በር ላይ ስታዞሩ የሚሽከረከረው ራዲየሱ ነው።

ቁርጭምጭሚቱ ውስጥ ያለችው አስትራጋለስ ከሁሉም ጠቃሚ አጥንት ናት፣ ጠንካራ ስለሆነች ሳትሰበር ትቆያለች። የበጉ ከላይም ከታችም የጉድጓድ መዘውር ይመስላል። ሁለት መዘውር ያለው አስትራጋለስ ሰኮናቸው ለሁለት የተሰነጠቀ እንስሳት መለያ ነው። የሰው የላይኛው ብቻ መዘውር ነው፣ ፊቱ ክብ ራስ አለው። ፓኪስታን ውስጥ የተገኙ እግር ያላቸው የጥንት ዓሣ ነባሪዎች ይህን ሁለት መዘውር ይዘው እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ ሲሆኑ የዓሣ ነባሪ ዝምድና ከነጉማሬና በሬ ወገን መሆኑ በአጥንትም ተረጋገጠ።

ጥርስ ላይ ቁጥር አያሳስታችሁ፦ በግም ሰውም 32 ነው። የበጉ ላይኛው መንጋጋ ፊት ለፊት ባዶ ነው፣ ጎኑ ላይ ደግሞ በየወገኑ 6 መንጋጋ ጥርሶች ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ሸንተረር ይዘው ይደረደራሉ። አከርካሪ ላይም አንገቱ በሁለቱም 7 ነው፤ ደረቱ በበግ ብዙ ጊዜ 13፣ በሰው 12።

የሻይ ማጥለያው ወሬ እዚህ ይመጣል። የበጉ ራስ ሲዘፈዘፍ ከጆሮው ቀዳዳ ሩዝ የሚያክሉ ሦስት አጥንቶች ይወድቃሉ፦ መዶሻ፣ ሰንጋና እርካብ። ብዙ ሰው ከውሃው ጋር ይደፋቸዋል። የዶሮውን ራስ ደግሞ ለብቻው በስቶኪንግ ዘፍዝፉት። ዶሮ ጆሮዋ ውስጥ ያለው አንድ አጥንት ነው። ታችኛው መንጋጋዋ ከራስ ቅሉ ጋር የሚገናኘው ኳድሬት በምትባል፣ ስትዘፈዘፍ ተላቅቃ በምትወጣ ትንሽ አጥንት በኩል ነው። ጀርመናዊው የአናቶሚ ሊቅ ካርል ራይሸርት እ.ኤ.አ. በ1837 ፅንስ እያጠና እንዳሳየው የዶሮዋ ኳድሬት የእኛ ሰንጋ ናት፣ ከታችኛው መንጋጋዋ ኋላ ያለው ክፍል ደግሞ የእኛ መዶሻ። ሦስቱን የበግ አጥንቶች ጥጥ ላይ አድርጋችሁ ኳድሬቷን ከሰንጋው አጠገብ አኑሩ፤ ሁለቱ አንድ አጥንት መሆናቸውን ከንግግር ይልቅ ዓይን ይቀበለዋል።

ከዚያ ልምምዱ ይቀጥላል። የቀኝ አጥንቶችን አንድ በአንድ ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ሳታዩ በጣት ብቻ ስሙንና ጎኑን ተናገሩ። ይህ ሲቀል የተበሱትን የግራ አጥንቶች ሦስት አራቱን በጨርቅ ጠቅልላችሁ በመዶሻ ስበሩ፣ ስባሪዎቹን ቁጠሩ፣ ቀላቅሉ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ ስጡ። መልሱን ብቻ አትጻፉ፣ የትኛው ቦይ ወይም ጉብታ እንዳስያዛችሁም ጻፉ፤ ምክንያት የሌለውን ትክክል መልስ እንደ ስህተት ቁጠሩት። መጀመሪያ ላይ በብዛት የምትሳሳቱት የጎድን አጥንት ስባሪን ከአከርካሪ ክንፍ ጋር በማምታታት ነው። ስባሪውን አገላብጡት፦ በጎድኑ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የደም ሥር የሚያልፍበት ቦይ ካገኛችሁ ጎድን ነው። ቦዩ በበግ ስስ ነው፣ በሰው ግን ጥፍር ይይዛል።