ውጭ ሆኖ ለቤተሰብ መኪና መግዛት፦ ያገለገለች፣ ትንሽ፣ የቤንዚን

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። እናቴ ጉልበቷን እያመማት ሐኪም ቤት መመላለስ ስታበዛ፣ እኔ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ቁጭ ብዬ ቶዮታ ቪትዝ ልግዛላት አልኩ። የሚነዳላት ታናሽ ወንድሜ ነው። ደላላው በቴሌግራም ፎቶ ላከ። ብርማ ቀለም፣ ጥርት ያለች፣ «በሴት የተያዘች፣ ምንም የማይወጣባት»። ወንድሜ ከሰዓት በኋላ ሄዶ አያት። ሞተሩ ታጥቦ ያበራል፣ ድምፁ አይሰማም። ገዛናት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወንድሜ ቪዲዮ ላከልኝ። ግቢው ሰማያዊ ጭስ ብቻ ነው። እማዬ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ በረንዳው ላይ ቆማለች።

ሞተሩ ወረደ። የፒስተን ቀለበቶቹ አልቀው ዘይት ትበላ ኖሯል። ወንድሜ ሲያያት ለምን አልታወቀም? ደላላው ቀድሞ ነድቶ አሙቋት ስለነበር ነው። የሞቀ ሞተር ብዙ ገበና ይሸፍናል። ይባስ ብሎ «እኔ መኪና አውቃለሁ፣ ይቺ አሪፍ ናት» ብሎ ከወንድሜ ጋር የሄደው ጓደኛው ከኮሚሽኑ ድርሻውን እንደወሰደ በኋላ ሰማን።

ከዚያ ወዲህ ለሁለት ዘመዶቼ ከዚሁ ሆኜ ገዝቻለሁ፤ ሁለቱም መኪኖች ደህና ናቸው። የለወጥኩት ነገር አንድ ነው። መኪናዋን የሚያይልኝ ሰው ከሽያጩ ሳንቲም የማያገኝ መካኒክ ነው፤ የቀን አበሉን የምከፍለውም እኔ ነኝ። «አትግዙ» ቢልም ያው ገንዘቡን ያገኛል። ደላላ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ ያለ እሱ መኪናዋን ማግኘትም ከባድ ነው። ግን ደላላ የሚያመጣው መካኒክ መካኒክ አይደለም።

ገበያው እንዴት ነው?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። ስለዚህ የቤንዚን መኪና ከፈለጋችሁ የምትመርጡት አገር ቤት ካለው ነው። እናንተ ያላችሁበት አገር ለብረታ ብረት የምትሸጥ የ20 ዓመት መኪና እዚያ ስንት እንደምትጠራ ስትሰሙ አትደንግጡ። ጥሩ ጎኑ፣ በደንብ ከያዛችኋት ስትሸጧትም ዋጋዋን አትጥልም።

ለምን ኤሌክትሪክ አትገዛም የሚሉኝ አሉ። ጊቢው የራሱ ቆጣሪ ካለውና መኪናዋ ከከተማ የማትወጣ ከሆነ ጥሩ ሐሳብ ነው። የእናቴ ቆጣሪ ግን ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው። ምጣድ ሲጣድ እንኳ መብራቱ ይወርዳል።

አንድ ትንሽ ማሳሰቢያ። ማስታወቂያ ላይ «2008 ሞዴል» ሲባል በፈረንጅ ነው። አክስቴ ከዘንድሮው ዓመተ ምሕረት ላይ ቀንሳ «ገና ልጅ ናት» ብላኝ ነበር።

ትንሽ ሞተር፣ ግን ምን ያህል?

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ትደርሳለች። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። የመጀመሪያዋ ባለ1000 ሲሲ ቪትዝ ከፋብሪካ ስትወጣ 70 የፈረስ ጉልበት ነበራት። አዲስ አበባ ላይ የሚተርፋት 54 ገደማ ነው፤ ያውም በወጣትነቷ። አምስት ሰው ጭና ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ በአንደኛ ማርሽ ታቃስታለች። ባለ1300 ሲሲዋ 87 ነበራት፤ 67 አካባቢ ይቀራታል። ከወረቀት ላይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ዳገት ላይ ግን ሌላ መኪና ናት።

ስለዚህ የኔ ምክር እንዲህ ነው። እናት ሐኪም ቤትና ቤተ ክርስቲያን ደርሳ የምትመለስባት ከሆነች 1000 ሲሲ ይበቃል፤ ቤንዚንም አትጨርስም። የቤንዚን ሰልፉን ለሚያውቅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ልጆች ካሉ፣ ለበዓል ወደ ደሴ ወይ ወደ ጎጃም የሚኬድ ከሆነ 1300 ሲሲ ያዙ።

ጀርመን ያለ ጓደኛዬ «ባለ ቱርቦዋ ትንሿ ሞተር ከፍታ አይጎዳትም» ይለኛል። እውነቱን ነው። ግን ቱርቦው ሲበላሽ ማን ይሠራታል? እዚያ ጥሩ የሆነች መኪና አገር ቤትም ጥሩ ናት ማለት አይደለም። አገር ቤት ጥሩ መኪና ማለት የሰፈር መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታት፣ ዕቃዋ ሶማሌ ተራ የማይጠፋ ናት።

በዚህ መለኪያ ቪትዝና ያሪስን የሚያህል የለም። ሞተራቸው በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ሳይሆን በካቴና፣ ማለትም በሰንሰለት ነው የሚዞረው፤ ተበጥሶ ሞተር የሚያበላሽ ቺንጋ የለባቸውም። በፈረንጅ ከ2005 ወዲህ የመጣችው ባለ1000 ሲሲ ሦስት ሲሊንደር ስለሆነች ቆማ ስትሠራ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች፤ ያ ጸባይዋ ነው፣ ብልሽት አይደለም። ቦታ የሚፈልግ ቤተሰብ ኮሮላ ይሻለዋል። በፈረንጅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ባለ1600 ሲሲ ኮሮላዎች ግን ዘይት በመብላት ይታወቃሉ፤ ባለ1300ዋ ካገኛችሁ እሷን ያዙ። የሂዩንዳይ አቶስ በዋጋ ትቀንሳለች፣ ቺንጋዋ መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ነገር ከሌለ ግን በገዛችሁ ማግሥት አስቀይሩት።

ሱዙኪ ዲዛየር ሌላዋ ተፈላጊ ናት። 1,197 ሲሲ፣ ሰፊ ኋላ ወንበር፣ ዕድሜዋም ከቪትዝ ያነሰ። ችግሩ ብዙዎቹ በመተግበሪያ ታክሲ ሠርተዋል። ጌጁ (የኪሎ ሜትር ቆጣሪው) የሚለውን ትታችሁ የኋላ በሮቹን ክፈቱ። የቤት መኪና ቶሎ የሚያረጅባት የሾፌሩ በር ነው፤ ተሳፋሪ ያመላለሰች የኋላ እጀታዎቿና የበሩ ጠርዝ ያልቃሉ። ዳሽቦርዱ ላይ የስልክ መያዣ የተወው ክብ ምልክትም ብዙ ይናገራል።

ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ የምትሠሩት ሥራ

ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አስልኩ። ከሊብሬው (ከባለቤትነት ደብተሩ) ላይ ብቻ ሳይሆን መኪናዋ ላይ የተቀረጸውንም። ሁለቱ ፊደል በፊደል መግጠም አለባቸው።

ቪትዝ የሚለው ስም ለጃፓን ገበያ የወጣ ስም ነው፤ አብዛኛው ሌላ ዓለም ያሪስ ነው የሚላት። ጃፓን ደግሞ መሪ በቀኝ ነው። ታዲያ ግራ መሪ ያላት «ቪትዝ» ከየት መጣች? አንድም ያሪስ ናት፣ በልማድ ቪትዝ ተብላለች። አንድም መሪዋ የተዞረ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ ይህን ይለይላችኋል። ለጃፓን የተሠራች ቁጥሯ አጭር ነው፤ በሞዴሉ ኮድ፣ ለምሳሌ በኤስሲፒ10 (SCP10) ይጀምርና ሰረዝ ይከተለዋል። ለውጭ የተሠራች 17 ፊደልና ቁጥር አላት። በቪኤንኬ (VNK) ከጀመረ ፈረንሳይ አገር የተሠራች ያሪስ ናት። መሪዋ የተዞረ መኪና ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ሥራው እንዴት እንደተሠራ ግን ማንም ዋስትና አይሰጣችሁም። ፍሬንና መሪ ላይ ደግሞ ቁማር አይገባም። መካኒኩ ከሞተሩ ጀርባ ያለው ላሜራ ላይ የብየዳ ጠባሳ፣ ዳሽቦርዱ ዳር ላይ ክፍተት ይፈልግ። እኔ ካየሁ አልፋለሁ።

ከአሜሪካ የገባች ኮሮላ ወይ ያሪስ ከሆነች እኛ አሜሪካ ያለነው ዕድለኞች ነን። ባለ17ቱን ቁጥር ካርፋክስ የሚባለው የመኪና ታሪክ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ትንሽ ዶላር ከፍላችሁ ታሪኳን ማየት ነው። አንዴ ለአጎቴ ልጅ የታየችለት «ንክች ያላለች» ኮሮላ እዚህ ተገልብጣ ኢንሹራንስ የጣላት ሆና ተገኘች።

ጠዋቱ

መካኒኩ መኪናዋን በጠዋት፣ ሌሊቱን ካደረችበት ቦታ ይያት። አዲስ አበባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ በአሜሪካ የበጋ ሰዓት፣ እኔ ጋ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ነው። ሳልተኛ እጠብቃለሁ። ቪዲዮ እንከፍትና የመጀመሪያው ጥያቄዬ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ወንድሜ፣ ኮፈኑን በእጅህ ንካልኝ እስቲ።»

«ቀዝቃዛ ነው።»

«በል አስነሳት። ካሜራውን ጭስ ማውጫው ላይ አድርገው።»

ከሞቀ ቀጠሮው ለነገ ይተላለፋል። ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ። ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ካወጣች ዘይት ትበላለች። ነጭ ጭስ በብርድ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ የተለመደ ነው፤ ከሞቀች በኋላም ካላቆመ ግን የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ነገር ያሰጋል። የዘይት መሙያውን ክዳን ያስከፍት፤ ውስጡ ወተት የመሰለ ነገር ካለ ውኃና ዘይት ተቀላቅሏል፣ እዚያው ላይ ስልኩን መዝጋት ነው። ከዚያ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹን ግፊት) ያስለካ። የሁሉም ሲሊንደሮች ንባብ ተቀራራቢ መሆን አለበት፤ አንዱ ብቻውን ከወደቀ ሻጩ የሚነግራችሁን ታሪክ አትስሙ።

ከዚያ ይንዳት፣ እናንተም ስልኩ ላይ ሁኑ። ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲረግጥ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ካልፈጠነች ፍሪሲዮኗ አልቋል። አውቶማቲክ ከሆነች ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር መንጠቅ የለበትም። ለግጭት የኮፈኑንና የፓራፋንጎውን ብሎኖች ይይ፤ ቀለማቸው የተላጠ ብሎን ተፈትቷል ማለት ነው። የጎማ፣ የባትሪ፣ የወንበር ልብስ ነገር ለዋጋ መቀነሻ ብቻ ነው የሚጠቅመው፤ ጊዜ አታጥፉበት።

ወረቀቱ

ውክልና የምትልኩት ከኤምባሲ ወይም ከቆንስላ ነው፤ አገር ቤት ደርሶ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ውልና ማስረጃ ያልፋል። የተለመደው ቅጽ «እንዲገዛ፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» እያለ ይወርዳል። ቆም ብላችሁ አንብቡት። ወንድማችሁ እንዲገዛና ስም እንዲያዞር ከሆነ የምትፈልጉት፣ መሸጥን አውጡት። ስለማታምኑት አይደለም። አንድ ቀን ሲቸግረው ከራሱ ጋር እንዳይጣላ ነው።

መኪናዋ በማን ስም ትሁን የሚለውን በደንብ አስቡበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት መኪና ለምታደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ ሲነዳት የነበረው ሌላ ሰው ቢሆንም። እናንተ ዳላስ ተኝታችሁ ወንድማችሁ ቦሌ ላይ ሰው ቢገጭ ክሱ ስማችሁን ይዞ ይመጣል። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፣ ግን ጣሪያ አለው። እኔ በነጂው ስም እንዲሆን እመርጣለሁ። ገንዘቡ የኔ ነው የሚል ካለ በስሙ ያድርግ፣ ሙሉ ኢንሹራንስም ይግባ።

ከሻጩ በኩል ሊብሬው፣ ቦሎው፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ይታይ። መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለባት አረጋግጡ። ከቀረጥ ነጻ የገባች ከሆነች ቀረጡ ሳይከፈል ስም ማዞር ጣጣ አለው፤ ሻጩ «በኋላ እንጨርሳለን» ካለ እናንተም በኋላ ግዙ። ያገባ ሻጭ ከሆነ ባለቤቱ ቀርባ መፈረም አለባት።

ቀብድ ስትሰጡ በጽሑፍ ይሁን፣ ቀብድ መሆኑም ይጻፍ። ሕጉ ቀብድ ሰጪው ከቀረ ገንዘቡን ያጣል፣ ተቀባዩ ከቀረ እጥፍ ይመልሳል ይላል። ዋናውን ገንዘብ በሲፒኦ (በባንክ የክፍያ ማዘዣ) አሠሩት፤ የሚሰጠውም ውልና ማስረጃ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ሲፈረም ነው። «ለግብር እንዲቀል ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ውሉ ነገ ቢፈርስ የምትጠይቁት የተጻፈውን ብቻ ነው።

ቁልፉን በተረከባችሁበት ቀን ዘይት፣ የዘይትና የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላና የራዲያተር ውኃ ይቀየር፤ ሻጩ «አሁን ነው የቀየርኩት» ቢልም። ዋናውን ሊብሬ መኪና ውስጥ አታስቀምጡ። የኛ እማዬ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ ነው ያለው። ወንድሜ ኮፒውን ይዞ ይዞራል።